ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ፦ ርቀቱ ስንት ነው? መሄጃውና መመለሻውስ ለምን እኩል ሰዓት አይወስዱም?

ሜሪላንድ የሚኖሩ ጠያቂ እናታቸውን ከአዲስ አበባ ሊያስመጡ በመዘጋጀት ላይ ናቸው። ማወቅ የፈለጉት ሦስት ነገር ነው፤ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት ስንት እንደሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ 13 ሰዓት ገደማ የፈጀባቸው በረራ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ለምን ወደ 17 ሰዓት እንደሚጠጋ፣ እንዲሁም እናታቸው በየ12 ሰዓቱ መድኃኒት ስለሚወስዱ ትክክለኛውን የጉዞ ርዝመት ከቲኬቱ ላይ እንዴት ማስላት እንደሚቻል። ሙያዬ የበረራ ዕቅድ ማዘጋጀት በመሆኑ ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ነፋሱ ነው» የሚል ነው፤ መልሱ ስሕተት ባይሆንም የልዩነቱን ከፊል ብቻ ነው የሚያስረዳው። ሌላው ከፊል የሚጀምረው አውሮፕላኑ ገና ከመሬት ሳይነሳ፣ ቦሌ ማኮብኮቢያው ላይ ሳለ ነው።

በቅድሚያ ርቀቱን እንያዝ። በምድር ሉል ላይ ሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚያገናኘው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም አሜሪካኖች በሚቆጥሩበት ማይል 7,180፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,240 ያህል ይሆናል። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢያገናኟቸው መስመሩ የአትላንቲክን መሐል አቋርጦ በምዕራብ አፍሪካ በኩል የሚገባ ይመስላል። እውነተኛውን መንገድ ለማየት ግን ክብ የሆነውን የምድር ሉል ወስደው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ክር ወጥረው ይያዙ። ክሩ ከዋሽንግተን ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነብላል፤ በውቅያኖሱ መካከል እስከ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ድረስ ከወጣ በኋላ ወደ ታች መታጠፍ ይጀምራል፣ ከሊዝበን በስተሰሜን ፖርቱጋል ላይ የብስ ይረግጣል፣ ስፔንን ያቋርጣል፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በአልጄሪያና በቱኒዝያ፣ ቀጥሎም በሊቢያና በሱዳን በረሃ ላይ አልፎ በሰሜን ምዕራብ በኩል ኢትዮጵያ ይገባል። ብዙ ሰው «ውቅያኖስ የሚያቋርጥ በረራ» ሲባል ጉዞው ሁሉ በውኃ ላይ ይመስለዋል፤ በዚህ መስመር ላይ ግን ከአሜሪካ ጠረፍ እስከ ፖርቱጋል ያለው የውቅያኖስ ክፍል ከጠቅላላው ርቀት ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

ይህ መስመር ግን በሒሳብ ደረጃ ያለ እንጂ አውሮፕላን እንደ ልቡ የሚበርበት አይደለም። የሱዳን የአየር ክልል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ተዘግቷል፤ የሊቢያንም የአየር ክልል አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለደኅንነት ሲሉ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ይሸሹታል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ በቀይ ባሕር አቅጣጫ ተጠማዝዞ በግብፅ በኩል ይወጣል፤ በዚህም የተነሳ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ይጨመርበታል። በውቅያኖሱም ላይ ቢሆን መስመሩ በየዕለቱ የሚለዋወጥ ነው። በካናዳ ጋንደር ያለው የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከልና ብሪታንያና አየርላንድ በጋራ የሚያስተዳድሩት ሻንዊክ የተባለው ማዕከል የዕለቱን ነፋስ እያዩ፣ ቀን ወደ ምዕራብ ለሚጎርፉት አውሮፕላኖች አንድ፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚጎርፉት ሌላ የመስመሮች ስብስብ ያወጣሉ። እንግዲህ «11,560 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ቁጥር እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይያዙት፤ በእውነት የሚበረረው ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በዚህ መስመር ላይ የሚሠማሩት ትልልቅ ጄቶች በከፍታቸው ላይ ሲሆኑ አየሩን የሚቀዝፉበት ፍጥነት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን 11,560 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ወደ 13 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ነፋስ የሌለበት ቀን ግን የለም። ከምድር ወገብ የሚነሳው ሞቃት አየርና ከዋልታው የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በሚገናኙባቸው ኬክሮሶች ላይ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው የአየር ንጣፍ ውስጥ፣ ጄት ስትሪም የተባለው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የክረምት ወራት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ይህ ነፋስ ከሁሉ ጊዜ በላይ ይበረታል። ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለመረዳት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ በማዕበል ሌሊት ከኒው ዮርክ የተነሳ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከመሬት አንጻር ሲለካ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ተገፍቶ ለንደን የገባው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር። አውሮፕላኑ ከወትሮው በተለየ ጉልበት አልበረረም፤ የሚበርበት አየር ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሮጥ ነበር።

በእርስዎ መስመር ላይ ይህ ነፋስ የሚረዳውና የሚያጠቃው የመንገዱን ሰሜናዊ ክፍል ነው፤ አውሮፕላኑ ከሜዲትራኒያን ተሻግሮ ወደ ደቡብ በዘለቀ መጠን የነፋሱ ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል። በመንገዱ ሁሉ ላይ ሲሰላ አማካዩ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው ብለን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን በ980 ሲበር 11 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በ820 ሲበር 14 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይፈጅበታል። በነፋስ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ልዩነት ተፈጠረ። እዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር አለ፤ ሲመጡ ያገኙት ትርፍና ሲሄዱ የደረሰባቸው ኪሳራ እኩል አይደሉም። ነፋስ ቢጠፋ ደርሶ መልሱ 25 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ሲሆን፣ በዚህ ነፋስ ግን 25 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ በሚጎዳው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው በሚረዳው ነፋስ ውስጥ ከሚቆየው ለበለጠ ጊዜ ነው።

እስካሁን የነገርኩዎት የሁለት ሰዓቱን ልዩነት ነው። እርስዎ ያዩት ልዩነት ግን ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። የቀረውን ለማግኘት ወደ ቦሌ መመለስ አለብን።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ዳለስ ግን 95 ሜትር ላይ ነው። በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው አየር፣ የከተማዋ የሙቀት መጠን ሲታከልበት፣ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳው በላዩና በታቹ በሚያልፈው አየር በመሆኑ፣ አየሩ በሩብ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ 15 በመቶ ያህል በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ሞተሩም ያው የሚሠራው በአየር ነውና፣ ተጨማሪው ጉልበት በሚፈለግበት በዚያው ቦታ ላይ የሞተሩ ግፊት ይቀንሳል። ፍጥነቱ ስለጨመረ ደግሞ፣ አብራሪው በመጨረሻው ሰዓት መነሳቱን ትቶ ለመቆም ቢገደድ ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ጎማዎቹም ቢሆኑ ሊያልፉት የማይፈቀድላቸው የፍጥነት ጣሪያ አላቸው። በዚህ ሁሉ ላይ፣ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ በመነሻው ቅጽበት ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር ብቻ ከፍታ መጨመር መቻል ግዴታ ነው፤ አዲስ አበባን በሰሜን ያቀፈው እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑንም አይርሱ። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ገደማ፣ የዳለሶቹ ረጃጅሞች ደግሞ 3,500 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ያም ሆኖ አንዱ አውሮፕላን ከዳለስ ይዞት የሚነሳውን ክብደት ከቦሌ ይዞ ሊነሳ አይችልም።

ክብደት ስንል በዋናነት ነዳጅ ነው። እንደ ቦይንግ 787 ያለ አውሮፕላን በሰዓት ከ5 እስከ 6 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል። ነፋሱን እየተቃወመ 14 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢበር ለመንገዱ ብቻ ከ70 እስከ 84 ቶን ያስፈልገዋል፤ በዚህ ላይ ለመንገድ ለውጥ፣ ዳለስ ቢዘጋ ወደ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄጃና ለመጨረሻ መጠባበቂያ የሚያዘው ነዳጅ ይታከላል። ይህን ሁሉ ነዳጅ ከሙሉ ተሳፋሪና ከሙሉ ሻንጣ ጋር ከቦሌ ማንሳት ስለማይቻል ሁለት ምርጫ ይቀራል፤ ወይ መቀመጫዎችን ባዶ መተው፣ ወይ በግማሽ ነዳጅ ተነስቶ መንገድ ላይ መሙላት። ለዚህም ነው ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በየጊዜው እንደ ሮምና ደብሊን ባሉ ከተሞች፣ በምዕራብ አፍሪካ በኩል ደግሞ በሎሜ ሲያርፉ የኖሩት። ከዳለስ ሲመለሱ ግን አየሩ ወፍራም፣ ነፋሱም ከጀርባ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ይነሳና ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል።

አንዳንድ ሰው ችግሩን ከአውሮፕላኑ ዓይነት ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ ይህ መታረም ያለበት አስተሳሰብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 777-200ኤልአር፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 በሙከራ ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ በምሥራቅ በኩል ለንደን ድረስ 21,602 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ የበረረው አውሮፕላን ዓይነት ነው። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ካለው ርቀት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የጎደለው የአውሮፕላኑ አቅም አይደለም፤ የመነሻው ከፍታ ነው። በረራዎቹ ማታ ከቦሌ መነሳታቸውም፣ ከሌላ በረራ ወርደው ከሚቀጥሉ መንገደኞች ሰዓት ጋር ከመስማማቱ ሌላ፣ የሌሊቱ አየር ቀዝቃዛና ወፈር ያለ በመሆኑ ጥቂት ቶኖችን ለማትረፍ ይረዳል።

እዚህ ላይ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝን ሒሳብ ላሳይዎት። ነዳጅ ለመሙላት ወደ ደብሊን መሄድ መንገዱን በጣም የሚያጣምመው ይመስላል። ነገር ግን ከቦሌ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ዳለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሮም በኩል ከሆነ ደግሞ ትርፉ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም አጭሩ መስመር ራሱ ወደ ሰሜን የሚወጣ በመሆኑ አውሮፓ ከመንገዱ ብዙም አትርቅም። ሎሜ ግን በካርታው ላይ «በቀጥታው» መንገድ ላይ ያለች ብትመስልም ጉዞውን በ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ታረዝመዋለች። ስለዚህ በአውሮፓ በኩል ሲኬድ የሚባክነው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ከከፍታ መውረዱ፣ ወደ ማቆሚያው መንዳቱ፣ ነዳጅ መሙላቱና ሠራተኞች መቀያየራቸው፣ ከዚያም እንደገና መነሳቱና ወደ ከፍታ መውጣቱ ሲደመሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳሉ። ይህንን ከነፋሱ ሁለት ሰዓት ጋር ሲደምሩት በቲኬትዎ ላይ ያዩትን የአራት ሰዓት ልዩነት ያገኙታል። በዚህ ዓይነቱ ማረፊያ ላይ ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው ስለማይወርድ፣ እናትዎ «ደረስን መሰለኝ» ብለው ሻንጣቸውን እንዳያወርዱ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ከፍታን ካነሳን ዘንድ፣ ስለ አረጋውያን ተሳፋሪዎች የሚጨነቅ ሁሉ ቢያውቀው የምወደው አንድ ነገር አለ። ቦይንግ 787 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,830 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ጋር እንዳይመሳሰል ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህም ማለት አዲስ አበባ የኖረ ሰው በዚህ አውሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሰው አየር በቤቱ ከሚተነፍሰው የሳሳ አይደለም። የአውሮፕላኑ አየር ደረቅ ስለሆነ ውኃ መጠጣት፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥም ለእግር ደም ዝውውር ጥሩ ስላልሆነ በየጊዜው ተነስቶ መንቀሳቀስ ግን ያስፈልጋል።

ከቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ችግር ይፈታው እንደሆነ የሚጠይቁም አሉ። ቦታው ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ አየሩ በ4 በመቶ ያህል ይወፍራል። ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም፤ በቶን የሚቆጠር ተጨማሪ ጭነት ማለት ነው። ሆኖም 1,900 ሜትር ገደማም ከፍተኛ ቦታ ነው፤ ወደ ምዕራብ በሚደረገው ረጅም በረራ ላይ የነዳጅ ማረፊያውን ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል ብዬ አልጠብቅም።

ወደ ቲኬቱ እንለፍ። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት መነሻው በመነሻው ከተማ፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱን በቀጥታ መቀናነስ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀያይርም፤ ዋሽንግተን ግን በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ ሁለቱም ወራት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ አዲስ አበባ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ለምሳሌ በሐምሌ ወር አውሮፕላኑ ማክሰኞ 22:45 ከቦሌ ተነስቶ ረቡዕ 08:30 ዳለስ የሚደርስ ከሆነ፣ በመድረሻው ሰዓት ላይ 7 ይደምሩ፤ አዲስ አበባ ላይ 15:30 ይሆናል፣ ከ22:45 እስከዚያ ድረስ ያለው 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። በተቃራኒው ከዳለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ የሚገባ በረራ፣ መነሻው በአዲስ አበባ 18:00 ስለሆነ የፈጀው 13 ሰዓት ነው። እነዚህ ቁጥሮች አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት እስከ ማቆሚያው እስኪደርስ ያለውን ሁሉ የሚይዙ ናቸው፤ አየር ላይ ያለው ጊዜ ከዚህ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሊያንስ ይችላል።

እናትዎ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ አገራችን ልማድ ከሆነ 22:45 ከምሽቱ 4:45 መሆኑን በወረቀት ላይ ይጻፉላቸው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። ቲኬቱ ረቡዕ 00:30 ካለ፣ ያ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ ወደ ቦሌ መሄድ ያለባቸው ማክሰኞ ማታ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ዘግይተው የሚመጡ መንገደኞች መኖራቸውን ስለማውቅ ነው አጥብቄ የምነግርዎት።

በመጨረሻ ስለ መድኃኒቱ። እናትዎ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ይወስዳሉ እንበል። በመንገድ ላይ የአዲስ አበባው ሰዓት ብቻ እንዲመራቸው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እስኪደርሱ ድረስ ባይለውጡት ይሻላል። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚወስዱት ከቤት ሳይወጡ ወይም ቦሌ ሆነው ነው። ቀጣዩ፣ ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከተነሱ ከ8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ በኋላ ስለሚሆን በጉዞ ላይ፣ ምናልባትም ነዳጅ በሚሞላበት ማረፊያ አካባቢ ይውላል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳቸው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መሆን የለበትም። ከዚያ የሚቀጥለው በአዲስ አበባ ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ያ በዋሽንግተን የበጋ አቆጣጠር ልክ እኩለ ቀን፣ በክረምቱ ደግሞ ከእኩለ ቀን አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ሐምሌ ላይ ከሆነ አውሮፕላኑ ከደረሰ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ጠዋትና ማታ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚዛወር ግን እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም የደም ማቅጠኛ ከሆነ፣ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙት።